የእማዬ ኩባያ

ለእታለም ከበቡሽ፦

የአሰብ ሙቀት አቅልጦ ካልጨረሰሽ እንደምን ከረምሽ? እኛ አዋሳ ደህና ነን። ዘንድሮም ክፍል ደገምኩ፤ አስተማሪዎቹ ስለሚወዱኝ ነው።

እማዬን ጉንፋን ይዟታል። የጤና ጣቢያው ድሬሰር «በሳምንት ይለቅሻል» ብሏት ነበር፤ ከመስቀል እስከ ጥምቀት ግን ነጭ ሽንኩርት በማሩም ጤና አዳሙም ሳሏን አላቆመላትም።

ኩባያዋ ላይ ቀይ ክር አስራ ለብቻው ማስቀመጥ ጀምራለች። እኔም ትስቃለች ብዬ በቤቱ ኩባያ ሁሉ ላይ ቀይ ክር አሰርኩ። «አንተ ቀልማዳ!» ትለኛለች ስል፣ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ «በየትኛው ጠጣህ?» አለችኝ። ከዚያ ሁሉንም እያለቀሰች በፈላ ውሃ ቀቀለቻቸው።

ፋሲካን አትጠብቂ፣ እረፍት ለምነሽ ቶሎ ነይ። ናፍቀሽኝ እንዳይመስልሽ፤ የማበሽቀው ሰው አጥቼ ነው። እማዬ «ደህና ነኝ በላት» ብላሻለች፤ ይህችን ተናግራ እስክትጨርስ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ሁለት ጊዜ አረፈች።

ሰላምታዬ ከባሕሩ ይብዛልሽ፣
ታናሽሽ አምሳሉ