ባዶው ጆንያ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ በራሴ አፈርኩ።

ክፍል ውስጥ ስለ ቬሲክል እያስተማርኩ ነበር። እንዲገባቸው ብዬ፣ "ከስስ ሽፋን የተሠራች የሴል ጆንያ በሏት፤ ፕሮቲን ታስቀምጣለች፣ ጭናም እስከ ሴሉ ዳር ታደርሳለች" አልኳቸው። ሐናን እጇን አወጣች። አባቷ ሄርማታ ገበያ ውስጥ ቡና ነጋዴ ናቸው።

"ቲቸር፣ ጭነቱ ከተራገፈ በኋላ ጆንያው ይመለሳል?"

መልሱን አላውቀውም ነበር። አላውቅም ማለት ግን ሞት መሰለኝ። "ሴል የአባትሽ መጋዘን መሰለሽ እንዴ? ፈንድቶ ይጠፋል!" አልኳት። ልጆቹ በሳቅ ፍርስ አሉ። እሷ አንገቷን ደፍታ ያልኩትን ጻፈችው።

በእረፍት ሰዓት መጽሐፉን ገለጥኩ። ለካ አይፈነዳም። ሽፋኑ ከሴሉ ሽፋን ጋር ይዋሃድና ጭነቱ ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ በኋላም ከዚያው ሽፋን ላይ ተቆርጦ እንደገና ከረጢት ይሆናል። ይመለሳል ማለት ነው። ያሳቅሁባት ልጅ የጠየቀችው ትክክለኛውን ጥያቄ ነበር።

ወደ ቤት ስመለስ ሄርማታ ላይ ከአባቷ ጋር አገኘኋት። ነገ ቡናው ወደ መጣበት ወደ አሰንዳቦ የሚመለስ ባዶ ጆንያ እያጣጠፉ ነበር። አሁን እነግራታለሁ ብዬ ተጠጋሁ። አባትየው ቀደሙኝ። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ "ገለቶማ ቲቸር! የዛሬውን ትምህርት ለእኔም አስረዳችኝ እኮ። ፈንድቶ ይጠፋል አይደል? አላህ እውቀት ይጨምርልዎ!" አሉኝ።

ሐናን ቀና ብላ አየችኝ።

"አሜን" አልኩና መንገዴን ቀጠልኩ።