ፕሉቶን ከሰልፍ ላስወጡት ርዕሰ መምህር

ለተከበሩ ርዕሰ መምህር አቶ ሽበሺ
ታቦር፣ ሀዋሳ

በቅድሚያ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በየማለዳው ሰፈሩን የሚቀሰቅሰው የትምህርት ቤቱ ድምፅ ማጉያም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን፤ ከማክሰኞ ወዲህ ምግብ እምቢ ካለችው ከልጄ ከሳያት በቀር።

እንደሚያውቁት የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች በመጪው ቅዳሜ በሚከበረው የወላጆች በዓል ላይ፣ ፀሐይ ሆኖ መሀል ሜዳ በሚቆመው በኦሊያድ ዙሪያ እንደ ፕላኔት ሊዞሩ ሲለማመዱ ከርመዋል። ሳያት ፕሉቶ ነበረች። ማክሰኞ ዕለት ግን ልምምዱን ሊጎበኙ ብቅ ብለው፣ ፕሉቶ ፕላኔት አለመሆኑን በቴሌግራም ማንበብዎን በማይክሮፎን አብስረው፣ ልጄን በጓደኞቿ ፊት ከሰልፉ አስወጧት። ሃያ ዓመት ገደማ የሆነውን ዜና እንዲህ በትኩሱ ስላደረሱን ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሆኖም ጥቂት ቅሬታዎች አሉኝ።

፩. ፕላኔት ለመባል ፀሐይን መዞር፣ ክብ መሆንና የሚዞሩበትን መንገድ ከሌሎች ማጽዳት ያስፈልጋል። ፕሉቶ ሁለቱን አሟልቶ በሦስተኛው ወደቀ፤ መንገዱን ከብዙ በረዷማ አካላት ጋር ይጋራልና። ስለዚህ እንደ ሴሬስና እንደ ኤሪስ ድንክ ፕላኔት ተባለ። መንገድ መጋራት የሚያስባርር ቢሆን ኖሮ ሀዋሳ ውስጥ አንድም ባጃጅ አይቀርም ነበር። ደግሞም ሳይንቲስቶቹ መጠሪያውን ቀየሩ እንጂ ከመዞር አላገዱትም። ያገዱት እርስዎ ብቻ ነዎት።

፪. ጨረቃ የሆነችውን ተማሪ ግን ልብሷ ስለሚያብረቀርቅ ከሰልፉ ፊት አቁመዋታል። ልጅቷ ታምራለች፣ አልካድኩም። ነገር ግን ጨረቃ የምትዞረው መሬትን ነው፤ ፀሐይንም የምትዞረው መሬትን ተከትላ ነው። ጉዳዩ የመጠን እንዳይመስልዎ፤ የጁፒተር ጨረቃ ጋኒሜድ ሜርኩሪን በግዝፈት ትበልጣለች፤ የምትዞረው ፕላኔትን ስለሆነ ግን ያው ጨረቃ ናት። ፕላኔት አይደለህም ተብሎ ፕሉቶ ሲባረር ጨረቃ መቅደሟ ከየትኛው መመሪያ እንደተገኘ አላውቅም፤ የቢሮ ሠራተኛ ስለሆንኩ ግን አሠራሩ አዲስ አልሆነብኝም።

፫. ይሄኛው የሳይንስ አይደለም። ሳያት ቡሹሎ ላለችው አክስቷ ደውላ፣ ከሁሉም ርቃ የምትዞረው እሷ ስለሆነች ከዳር ቦታ እንድትይዝ አደራ ብላት ነበር። አሁን አክስቷ እንዳትመጣ ንገሪልኝ ትለኛለች። ይህን ስትለኝ መጀመሪያ አለቀስኩ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ፣ ከዚያ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ስለሆነም ሳያት በድንክ ፕላኔትነቷ ከኔፕቲዩን ኋላ ትዞር ዘንድ እንዲፈቅዱልን በትሕትና እለምናለሁ። ደረቷ ላይ ያለውን ጽሑፍ እኔው አስተካክላለሁ፤ እርስዎን አናደክምም።

ሥልጣንዎ ከትምህርት ቤቱ አጥር አልፎ እስከ ኔፕቲዩን ማዶ መድረሱን በአድናቆት እየተመለከትኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

ደብሪቱ በርናባስ
የፕሉቶ እናት

ማስታወሻ፦ ፕሉቶ አምስት ጨረቃዎች አሉት። ይህን የሰሙ አምስት የክፍል ጓደኞቿ ትናንት እኛ ቤት መጥተው፣ ሳያት ቅዳሜ ከአጥር ውጭ የምትቆም ከሆነ እዚያው ወጥተው እሷን ሊዞሩ ተስማምተዋል። ትልቋን ጨረቃ ካሮንን የምትሆነው ናርዶስ ሽበሺ ናት፤ ለአባቷ እስካሁን እንዳልነገረች ስለገባኝ እኔ ልንገርዎ ብዬ ነው።