እማዬ በቴሌቪዥን የምታይሽ

ይድረስ ለእህቴ ለጠሂራ፤ አሰብ።

አሰላሙ ዓለይኩም። ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? የአሰብ ሙቀትስ እንዴት አድርጎሻል? ባለቤትሽ ሙነወር ደኅና ነው ወይ? ራህማስ ጥርስ አበቀለች ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። እማዬም ከዓይኗ መድከምና ከደም ብዛቷ በቀር ደኅና ናት። እኔ ያው ሸማ ተራ የሰው ነጠላ ስቋጭ እውላለሁ። ሆዴን ካልቆጠርነው ሌላው አካሌ ጤና ነው፤ የሆዴን ነገር ደግሞ አሁን እነግርሻለሁ።

ጎረቤታችን እትዬ ሸዋርካብሽ ቴሌቪዥን አስገብተዋል። ቅዳሜ ማታ ግቢው በሙሉ እሳቸው ቤት ይሰበሰባል፤ ተከታታይ ድራማ አለ። ሠርኬ የምትባል የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር አለችበት። ወንዱ ሁሉ የሚርድለትን የወረዳ አስተዳዳሪ፣ የገዛ ጠረጴዛውን እየደበደበች የድሃውን እህል የት አደረስከው ትለዋለች። እውነቱን ለመናገር ልብ የምትሞላ ሴት ናት። ፍንጭት ናት፤ ስትቆጣ እንዳንቺ አንድ ቅንድቧን ትሰቅላለች፤ ድምፅዋም ቁርጥ ያንቺ ነው። መጀመሪያ ያየኋት ቀን እኔ ራሴ ደንግጬ ነበር።

እማዬ ግን በመደንገጥ አላበቃችም። ጠሂራ ናት አለች። ኧረ እማዬ፣ ጠሂራ አሰብ ወደብ ቢሮ ነው የምትሠራው፣ ይህቺ ተዋናይት ናት፣ ስሟም ሠርኬ ነው ብላት፣ ስሟንማ ለመንግሥት ሥራ ብለው ለውጠውባት ነው፣ ስንቱ መሐመድ መኮንን ተብሎ የለም ወይ አለችኝ። ከሄድሽ ስድስት ዓመት ሙሉ ብቅ ያላልሽበት ምክንያትም በዚያው ተገኘልሽ። እንዴት ትምጣ፣ እንዲህ እያንገላቷት በምን ጊዜዋ ትምጣ ትለኛለች።

አሁን ቅዳሜ ከመጣ መከራዬ ነው። ከአሱር ሶላት ጀምሮ እጠቢኝ፣ አልብሺኝ፣ ጥሩ ነጠላዬን አምጪ ትላለች፤ ልጄ በቆሻሻ ልብስ እንዳታየኝ ነው የምትለው። ሠርኬ ስብሰባ ላይ ቆማ እናቶቼ ስትል፣ እማዬ ከፊት ወንበር ሆና አቤት ልጄ ትላለች። የግቢው ሰውም ልቧን ላለመስበር የሠርኬ እናት ብሎ ይጠራት ጀመር። አንድ ቀን እትዬ ሸዋርካብሽ፣ እኔ እዚያው ቆሜ ሳለሁ፣ ሌላዋ ልጅዎስ ብለው ጠየቋት። እሷማ አለች ብላ መለሰችላቸው። አለች! ስለ በርጩማ የምታወራ ነው የሚመስለው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚሉት እውነት ነው ለካ።

ቀናሁ፣ ጠሂራ። ባንቺ ብቀና ምንም አልነበር፣ ከልጅነቴ ለምጄዋለሁ። እኔ ግን የቀናሁት መብራት ሲጠፋ በምትጠፋ ሴት ነው። ቅዳሜ ማታ መብራት በጠፋ እያልኩ ዱዓ አደርጋለሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ሠርኬ አንቺ እንዳልሆንሽ ደግሜ ልነግራት ብሞክር ደግሞ፣ አንቺ ድሮም ትቀኚባታለሽ አለችኝ። እውነቷን ነው።

ዋናው ጉዳዬ ግን ይህ አይደለም። ባለፈው ሐሙስ ከቴሌቪዥን የመጣ አንድ ሰው፣ እኔ የምቋጭላቸው ነጋዴ ጋሼ ወርቁ ዘንድ ጥቁር ጥለት ያለው ነጠላ በብዛት አዘዘ። ለማን ሐዘን ነው ቢሉት፣ ለሠርኬ ነው፣ በመጨረሻው ክፍል የባላባቱ ልጅ በጥይት ይገድላታል አለ እየሳቀ። ሥራው ለእኔ ደረሰኝ። አልደብቅሽም፣ ደስ አለኝ። ዘርፉን እያከረርኩ ተገላገልኳት፣ ተገላገልኳት እል ነበር። ግማሹን ከቋጨሁ በኋላ ነው እማዬ ትዝ ያለችኝ። ሐኪሙ ድንጋጤ አይንካት ያላት ሴት፣ የልጇን መገደልና ቀብር ቁጭ ብላ ልታይ ነው። የለቅሶውንም ነጠላ የቋጨሁት እኔ ነኝ።

እትዬ ሸዋርካብሽን ያን ቀን ቴሌቪዥኑ ተበላሽቷል ይበሉልኝ ብዬ ለመንኳቸው፤ እሺ ብለዋል። ነገር ግን የሰፈሩን አፍ ማን ይዘጋል? በማግሥቱ መርካቶ ሠርኬ ተገደለች ሲል ነው የሚውለው። አልሞተችም ብዬ ብምልላት እኔን አታምነኝም፤ ቀናተኛ ምስክር አይሆንም።

ስለዚህ መምጣት አለብሽ። ሦስት ቅዳሜ ነው የቀረው፤ ረመዳን ሳይገባ ያልቃል። ይህን ደብዳቤ የሚሰጥሽ ቡርሃን የነዳጅ ቦቴ ነጂ ነው፤ ሲመለስ ከነራህማ አሳፍሮ ያመጣችኋል። በመጨረሻዋ ቅዳሜ ከእማዬ አጠገብ ተቀመጪና እጅሽን ትያዝ። ሠርኬ ስትወድቅ ያንቺ እጅ ሙቅ ከሆነ ይበቃታል።

እንድትመጪ እፈልጋለሁ ብዬ አልዋሽሽም። ስትመጪ ግቢው እልል ይላል፣ እማዬ ፊትሽን ስትዳብስ ትውላለች፣ እኔ ውሃ ሳመላልስ እውላለሁ፤ አውቀዋለሁ። ቢሆንም ነይ። ከመጣሽ ግን አንድ ነገር አትከልክዪኝ። አንቺን ያመጣሽ መኪና ሲመለስ እኔን ወደ አሰብ ይውሰደኝ። ጥቂት ቀን ብቻ ነው። እማዬን አንቺ እጠቢያት፣ አንቺ አልብሻት። እሷም ቅዳሜ ማታ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣ፣ ፋጢማዬስ የታለች ብላ ትፈልገኝ።

ሙነወርን ሰላም በይልኝ፤ ሚስትህን ለጥቂት ቀን አበድረን ብላለች በይው። ራህማን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አክስት እንዳላት ንገሪያት። እትዬ ሸዋርካብሽ ሰላም ብለውሻል፤ ጋሼ ወርቁም እንደዚሁ። እማዬን ለጠሂራ ምን ልበልልሽ ብላት፣ አንቺ ምንም አትበዪ፣ ቅዳሜ ራሴ እነግራታለሁ አለችኝ።

እህትሽ ፋጢማ
መርካቶ፣ ሸማ ተራ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 8 ቀን 1975 ዓ.ም.