አክስትህ የደፋችው ኪኒን

ልጄ፣ ክፉ አይንካህ፤ የወጣህበት ይቅናህ። ደህና ነን እንዳልልህ አክስትህ አንገሸገሸችኝ። አባትህ ለድባቴው የታዘዘለትን ኪኒን እየዋጠ ወደ ሰዓት ጥገናው ሲመለስ፣ «አሁንማ ድኗል፤ ይሄ ነገር ጭንቅላት ያደነዝዛል» ብላ ሽንት ቤት ደፋችው። እጇን በሽርጤ ጠርጋ ምስጋና ጠበቀች። አባትህን ራሱን እያዞረው፣ ጭንቅላቱን እንደ ኤሌክትሪክ እየነዘረው ብሎን መያዝ አቃተው። ሐኪሙ «አእምሮው መድኃኒቱን ለምዷል፤ የሚቆመው ቀስ በቀስ ነው» ብሎ መልሶ አስጀመረው። እሷ ዛሬም በየቤቱ «እኔ ነኝ ያዳንኩት» ትላለች፤ ሳያት ይቀፈኛል።

አንተ ባለፈው ስትመጣ ሻንጣህ ውስጥ ያንኑ ኪኒን አይቼ በልብስህ መልሼ ሸፈንኩት። አክስትህ ብትደውል አታንሳ። አንተም ሐኪምህ ሳይልህ እንዳታቋርጥ አደራ። በሰላም ውለህ በሰላም ግባ፤ እናትህ አላፈረችብህም።