የመውጫው ደወል

ለምሳሳልሽ እህቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ያ እየተነሣ የሚያስቸግርሽ የወገብ ሕመም ለቀቀሽ ወይ? አናጢው ባለቤትሽ፣ ትንሿ ልጅሽ፣ አማትሽም ደኅና ናቸው? እኔና ባለቤቴ ከመክሳታችን በቀር ምንም አልሆንን፤ ፈጣሪ ይመስገን። ልብሽ እንዳይሰቀል ግን ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ የዘመተው ልጅሽ በሕይወት አለ። ይህን ስጽፍ ከጎኔ ተኝቶ ያንኮራፋል።

ከተማችን ከጠላት እጅ ወጥታለች። ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳሽ። ጠላት ትምህርት ቤቱን የጦር ሰፈር እንዳደረገው ታውቂያለሽ፤ የእኛ ቤትና የጎረቤቶቻችን ቤት ደግሞ ከአጥሩ ጋር የተጣበቀ ነው። ሐሙስ ጠዋት ጠላት ጓዙን ጥሎ በወንዙ በኩል ሸሸ። ከተማዋን የከበበው የእኛ ጦር ግን መሸሹን ስላላወቀ ከኮረብታው ላይ መድፍ ተኮሰ። የመጀመሪያው ጥይት የቤተ መጻሕፍቱን ጥግ አፈረሰው። ሁለተኛው ጎጇችን ላይ ሊያርፍ ይችል ነበር። ነጭ ጨርቅ እንስቀል ብል ዳቦ ጋጋሪው ጎረቤታችን አይሆንም አለኝ፤ ጠላት በነጭ ጨርቅ አንድ ጊዜ ጦራችንን አታልሎታልና ማን ያምናል? ሰው እንዳንልክም መንገዱ ፈንጂ ተቀብሮበታል።

ያን ጊዜ ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪ የጠራሁበት የትምህርት ቤቱ ደወል ትዝ አለኝ። ጠላት እንዳይደወል ከከለከለ ጀምሮ መዶሻውን ደብቄው ነበር። ለመግቢያ በጥድፊያ፣ ለመውጫ ሦስት ጊዜ፣ በየመሀሉ አንድ ረጅም ትንፋሽ ተጠብቆ ይመታል። የመውጫውን እንደ ደንቡ መታሁት። ባለቤቴ ከደጅ ሆና፣ መድፍ ተጠምዶብን ትንፋሽ ትቆጥራለህ ወይ እያለች ተቆጣችኝ።

ኮረብታው ላይ የሆነውን የነገረኝ ከዚያው ጦር ጋር የነበረው ልጅሽ ነው። አዛዡን ለምኖ፣ ይህ የመውጫ ደወል ነው፣ እንዲህ አንጀት በሚያሳርር ዝግታ የሚመታውም ከአጎቴ በቀር የለም፣ ጠላት ቢኖር አያስደውለውም ብሎ አስረዳው። አዛዡም ተኩሱን አስቁሞ፣ ፈንጂ እየለየ መንገድ የሚቃኝ ቃፊር ላከ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ጢማም ወታደር እጁን በፋሻ ጠቅልሎ በትምህርት ቤቱ በር ገባ። አረማመዱን ሳይ አወቅሁት። ልማድ ክፉ ነውና ከአፌ የወጣው ግን "አርፍደሃል" የሚል ቃል ነበር።

"ጋሼ፣ የተደወለው እኮ የመውጫው ነው። ለመውጫ ያረፈደ ተማሪ አይተህ ታውቃለህ?" አለኝ።

አንገቱ ሥር ገብቼ አለቀስኩ። ቁስሉ ቀላል ነው፣ እየደረቀ ነው። መንገዱ ከፈንጂ እንደጸዳ ወዳንቺ ይመጣል።

የአማትሽን ጉልበት ሳሚልኝ። ትንሿን ልጅ፣ አጎትሽ፣ ወንድምሽ ካንቺ በላይ ያንኮራፋል ብሎሻል በያት። ጠላት ወንበሮቻችንን አንድዷቸዋልና ባለቤትሽ መጋዙን ስሎ ይጠብቅ። አንቺ ግን አሁን ተኚ፣ እህቴ።

ወንድምሽ
ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር፣ የካቲት 9 ቀን