ዋንዛው የማን ነው?

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣ ቢቸና።

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎ? ያ ሳልስ ለቀቀዎ? እናቴስ ዓይኗን ተሻላት? የላክሁት ጋቢ ደረሰ? እኔም ሱቁም ደህና ነን፤ ንዴት ሰው የማይገድል ከሆነ ማለቴ ነው።

በቀደም፣ በተክለ ሃይማኖት ዕለት፣ ቤተ ክርስቲያን ልሳለም በሄድሁበት፣ የከተማውን ዛፍ እንዲመዘግቡ የተላኩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጎጃም በረንዳን ወረሩት አሉ። ሱሪያቸው ከታች እንደ ቀሚስ የሰፋ፣ በየሱቁ የተከመረው ቆዳ ሽታ ከብዷቸው አፍንጫቸውን በመሐረብ የያዙ። ይህን ሁሉ ዓመት ተምረው ሥራቸው ዛፍ ማቀፍ ሆነ። እርስዎ የተከሉትን ዋንዛ ወገቡን በሜትር ለኩና በነጭ ቀለም ቁጥር ጻፉበት። ከጥላው ሥር ልብስ የሚሰፋው ወሎዬው ዘይኑዲን፣ ሱፍ ልትሰፉለት ነው ወይ ብሎ ቀልዶባቸዋል። ወንድነቱም እዚያው ላይ አለቀ።

ጎረቤታችን ኪዳነ ማርያም፣ ያ የጨው ነጋዴ፣ ቁጥር የተጻፈበት ሁሉ ግብር ይመጣበታል፣ የማን ነው ቢሏችሁ አናውቅም በሉ ብሎ ሰዉን አስቀድሞ መክሮት ኖሯል። ተማሪዎቹ ሲጠይቁ ዘይኑዲን ዛሬ ገና መምጣቴ ነው አለ። ከጥላው ሥር ያረጁት ኩሊዎች ከነጭራሹ ዛፉን አይተነው አናውቅም አሉ። እርስዎ ችግኙን በበቅሎ ጭነው ሲመጡ በዓይናቸው ያዩት እትዬ አመተ ሥላሴ እንኳ ወፍ ያበቀለው ነው ብለው መለሱ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። የተማሩ ተብዬዎቹም ባለቤት የለውም ብለው ጽፈው ሄዱ።

ኪዳነ ማርያም መጋዘኑን ወደ ውጭ ሊገፋ ሲመኝ የኖረ ሰው ነው፤ የሚያግደው ዋንዛው ነበር። ሰኞ ዕለት ጣሰው የሚባል እንጨት ፈላጭ ይዞ መጣ። የአባቴን ዛፍ ማን ፈቅዶልህ ብዬ ብጠይቀው፣ ባለቤት የለውም ተብሎ የለም ወይ አለኝ። እንዲመሰክሩልኝ ወደ ጎረቤቶቼ ዞርሁ። ሁሉም አቀርቅረው ሥራ በዛባቸው። አባቴ፣ ሲሄዱ ዋንዛውን አደራ ያሉኝ ትዝ ብሎኝ አለቀስሁ። በምን ዓይኔ አይዎታለሁ?

ጣሰው ግን ልማድ አለው። ባለቤቱ የመጀመሪያውን ምሳር ካላሳረፈበት የቆመ ዛፍ አይነካም። ምሳሩን ለኪዳነ ማርያም ዘረጋለትና "የእርስዎ ከሆነ ይምቱ" አለው። ኪዳነ ማርያም ምሳሩን አየ፤ ነጩን ቁጥር አየ። የእኔ ነው እንዳይል ግብሩን ፈራ። ሰዉን ያስካደበት ወሬ የራሱን አፍ ዘጋው። ይሄኔ እንባዬን ጠርጌ "የአባቴ ነው። ግብር ካለውም የምከፍል እኔ ነኝ" አልሁ። ጣሰው ምሳሩን ተሸክሞ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ፀሐዩ ሲበረታ እነዚያው ፈሪዎች ወደ ጥላው ይመጣሉ። ማንንም አልከለክልም። ከመቀመጣቸው በፊት ግን ዛፉ የማን እንደሆነ እጠይቃቸዋለሁ። ዘይኑዲን የአባትሽ ነው ብሎ የስፌት መኪናውን ያስገባል። ኩሊዎቹም እየተቅለሰለሱ ይሉታል።

እናቴን ጉልበቷን ሳሙልኝ። ወንድሜን ብርሃኔን ከነልጆቹ፣ እቴቴንም ሰላም በሉልኝ። እትዬ አመተ ሥላሴ ሰላም ብለውዎታል፤ የማን እንደሆነ ከመለሱ በኋላ፣ ከጥላው ሥር ሆነው ነው። ኪዳነ ማርያም ሰላምታ አልላከም። እስከ ዛሬ ፀሐይ ላይ ቆሟል።

ልጅዎ በለጥሻቸው
ጎጃም በረንዳ፣ አዲስ አበባ
ሚያዝያ ፳፱ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.