ውሃ የከለከልኳቸው ችግኞች

ለውድ አባቴ ለአቶ አድነው፤

እንደምን ከርመዋል አባባ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ያ ክፉ ቁርጥማት ዘንድሮ ማረዎ ወይ? እማዬስ ደህና ናት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለኝ የለም፤ አምላክ ይመስገን።

የምሥራቹን ላስቀድም። ባለፈው ማክሰኞ የማስተርስ ጥናቴን ፈታኞች ፊት አቅርቤ አለፍኩ። አማካሪዬ ዶክተር ማቲያስ «እንኳን ደስ ያለሽ» ሲሉኝ እንባዬ ቀደመኝ። ግን ደስታዬ ሙሉ እንዲሆን አንድ ነገር ልናዘዝ። አምና ያልተመረቅሁት «ትምህርት ክፍሉ አዘግይቶን ነው» ብዬዎት ነበር። ዋሽቼዎታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቁስቋም ማርያም ከፍ ብላ ባለች አንዲት ችግኝ ጣቢያ፣ ከየአገሩ ዘር ያፈላኋቸው መቶ ሃያ የወይራ ችግኞች ነበሩኝ። ዝናብ እንዳይነካቸው በላስቲክ ተከልለዋል። ግማሾቹን በየሳምንቱ አጠጣለሁ፤ ግማሾቹን ጠብታ አላቀምሳቸውም። የትኛው ዘር ድርቅ እንደሚችል የሚለየው እንደዚያ ነው። በጥር ስለካቸው ግን የተጠሙት ከጠጡት እኩል ለምልመዋል። ትልቅ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ሁለት ሳምንት እግሬ መሬት አልነካም።

ኋላ ጥበቃው ጋሼ ቤዛብሕ ራሳቸው ነገሩኝ። ከኅዳር ቁስቋም ጀምሮ፣ በየማለዳው ተሳልመው ሲመለሱ በጀሪካን ያጠጡልኝ ኖሯል። «ረስተሻቸው መስሎኝ እኮ ነው! እነዚህ ሲጠጡ እነዚያ ሲያዩ አንጀቴ አልችል አለ። ትምህርትሽ እንዲሰምር ለማርያም ተስዬልሽ ነው» አሉኝ። ልቆጣቸው አልቻልኩም።

ያን ቀን ክፉኛ ተፈተንኩ አባባ። ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም፤ ቁጥሩን እንዳለ ብጽፈው በሐምሌ እመረቃለሁ። ያኔ እርስዎ ትዝ አሉኝ። በልጅነቴ እርስዎ የሚሠሩበት ችግኝ ጣቢያ ይዘውኝ ሲሄዱ፣ የጸደቀውን ብቻ ቆጥሬ ስነግርዎ «የሞተውንም ጻፊ፤ መዝገብ ለሥራ እንጂ ለጉራ አይደለም» ይሉኝ ነበር። በነጋታው ለዶክተር ማቲያስ ሁሉን ተናገርኩ። እሳቸውም «በይ እንግዲህ፣ የሚቀጥለውን በጋ ጠብቂ» አሉኝ። ዓመቱ የሄደው በዚህ ነው።

ለመምህሬ እውነቱን ተናግሬ ለእርስዎ መዋሸቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ዘንድሮ ትመረቃለች» ብለው ስለነበር፣ ላሳፍርዎ ፈርቼ ነው። ይቅር ይበሉኝ።

በዘንድሮው በጋ ጋሼ ቤዛብሕ ችግኞቹን ላለማየት በሌላ በር ነበር የሚገቡት፤ ምስኪን! ከተጠሙት ስድሳ ችግኞች አሥራ ዘጠኙ ተረፉ። አብዛኞቹ የማን ዘር ቢሆኑ ጥሩ ነው? እርስዎ ከወልዲያ በጨርቅ ቋጥረው የላኩልኝ! ፈታኞቹ የአምናውን ስህተት ለምን እንደጻፍኩት ሲጠይቁኝ የእርስዎን ቃል ነገርኳቸው። በመጽሐፌ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ምስጋናው ለእርስዎ ነው፤ ከሥርዎ ጋሼ ቤዛብሕ አሉ።

ትናንት «ጋሼ፣ አሁን ያጠጧቸው» ስላቸው አላመኑኝም። ሁለቴ አስደግመውኝ፣ ነጠላቸውን አደግድገው ጀሪካናቸውን ይዘው መጡ። አብረን አጠጣናቸው።

እማዬን «ጽጌረዳ ጉልበትሽን ስማለች» ይበሉልኝ። እህቴ ሊድያ ለፈተናዋ በርትታ ታጥና፤ ወንድሟ ስብሐትም እንዳያስቸግራት። ጎረቤታችን እትዬ ረይሃና ዱዓቸው እንደደረሰልኝ ይንገሩልኝ።

ምርቃቴ ሐምሌ ላይ ነው፤ እንዳይቀሩብኝ። ከተረፉት ችግኞች አንዱን ለእርስዎ አስቀርቻለሁ፣ ሲመለሱ ይዘውት ይሄዳሉ። የሞቱትን አርባ አንዱንም ጽፌያቸዋለሁ አባባ፤ አንድም አልቀረ።

ልጅዎ ጽጌረዳ
ጉለሌ፣ ቁስቋም
ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.